ችግረኛውን ማን ይለየዋል?

ችግረኛን መርዳት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም ተብሎ ቢጠየቅ በብዙ ሕዝብ ዘንድ ረጅም ክርክር አይነሣም። ሃይማኖቱም፣ ልማዱም፣ ሕጉም የሚሰጡት መልስ ተቀራራቢ ነው። ክርክሩ የሚጀመረው መርዳቱ ከተወሰነ በኋላ፣ የሚሰጠው ነገር ለሁሉ የማይበቃ መሆኑ በታወቀ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ «ማንን?» የሚል አጭር ጥያቄ ይመጣል። ከእርሱም ቀጥሎ ከፊተኛው የሚከብድ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ «ማን ይለየው?» የሚል። የመጀመሪያው የቁጥርና የመስፈርት ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ሁለተኛው ግን በቀጥታ የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው። አንዱን ሰው በሸንጎ ፊት «ችግረኛ» ብሎ መጥራት፣ ሌላውን ደግሞ «አንተ አይደለህም» ብሎ መመለስ፣ የሰውን ኑሮ ብቻ ሳይሆን በሰው ፊት ያለውንም ስፍራ የሚነካ ሥልጣን ነውና።

በኢትዮጵያ ይህ ሥልጣን ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በሰፊው ለጎረቤት ተሰጥቷል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ ነው። ከዚያ በፊት ከዐሥር ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ በየዓመቱ የእህል እርዳታ ጥሪ ይተላለፍ ነበር፤ እርዳታውም ገበሬው በሬውን ከሸጠ፣ ዘሩን ከበላ በኋላ የሚደርስበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። አዲሱ ፕሮግራም ዝናም ቢቀርም ባይቀርም በየዓመቱ ምግብ ለሚጎድላቸው ቤተሰቦች አስቀድሞ የታወቀ ድጋፍ እንዲደርሳቸው ለማድረግ የታሰበ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ታቀፈበት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ቁጥሩ ከ7 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤተሰብ ለእያንዳንዱ አባሉ በወር የ5 ቀን ሥራ እየታሰበለት እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ኩሬ ይቆፍራል። በመነሻው ዘመን የአንዱ ቀን ዋጋ 3 ኪሎ እህል ወይም 6 ብር ነበር። መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና ሕሙማን ደግሞ ያለ ሥራ የቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ።

አመራረጡ እንዲህ ነው። ለወረዳው የተፈቀደው የተጠቃሚ ቁጥር ለየቀበሌው ይከፋፈላል። በየመንደሩ የሚቋቋመው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል፣ ከሽማግሌዎች፣ ከሴቶች፣ ከወጣቶችና ከግብርና ሠራተኛው የተውጣጣ ሆኖ፣ የነዋሪውን ኑሮ መርምሮ የስም ዝርዝር ያዘጋጃል። ዝርዝሩ በሕዝብ ስብሰባ ይነበባል፤ ተቃውሞና አስተያየት ይሰማበታል፤ ከዚያም ለቀበሌና ለወረዳ ቀርቦ ይጸድቃል። ቅር የተሰኘ ሰው የሚያመለክትበት ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴም በኋላ ተጨምሯል። በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በያኔው የደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ መንገድ ተከትሏል። አባል የሆነ ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ በታመመ ጊዜ በኪሱ ያለው ገንዘብ ማነስ ከሕክምና አያስቀረውም። መክፈል ለማይችሉት መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል፤ እነማን እንደሆኑ የመለየቱ ሥራ ግን በቀበሌው ሰዎች ላይ ያርፋል።

ለጎረቤት ዳኝነት የሚቀርበው ማስረጃ ቀላል አይደለም። ድህነት በወረቀት ላይና በጓዳ ውስጥ አንድ መልክ የለውም። ከሩቅ የመጣ መዝጋቢ የቤቱ ክዳን ቆርቆሮ መሆኑን፣ በደጁ ሁለት ከብት መቆሙን፣ በስሙ መሬት መመዝገቡን ያያል። ቆርቆሮውን ከተማ የሄደ ልጅ ከዓመታት በፊት የገዛው መሆኑን፣ ልጁም ከዚያ ወዲህ ድምፁ አለመሰማቱን አያይም። ከሁለቱ ከብት አንዱ የዘመድ አደራ መሆኑን፣ ሌላው ደግሞ ከጎረቤት በሬ ጋር በመቀናጆ የሚጠመድ ብቸኛ በሬ መሆኑን አያውቅም። ባሏ የሞተባት ሴት በመዝገብ ባለመሬት ናት። ነገር ግን በሬና አራሽ ስለሌላት መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ የምርቱን ግማሽ፣ አንዳንድ ጊዜም ከግማሽ ያነሰውን ታገኛለች። መዝገቡ የሚናገረው ሌላ፣ ጎተራዋ የሚናገረው ሌላ ነው። የሁለቱን ልዩነት የሚያውቀው ጭሷ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ በስንተኛውም ቀን እንዳልተነሣ የሚያይ ጎረቤት ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለውም የሚደርሰው እርሱ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን የሚያውቀውም እርሱ ስለሆነ ነው።

ይህ አስተያየት በልማድ ብቻ የተደገፈ አይደለም። በኢንዶኔዥያ በ640 መንደሮች የተካሄደና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ሁለቱን መንገዶች አወዳድሯል። በአንዳንዶቹ መንደሮች ችግረኛው በንብረት ቆጠራ ቀመር ተለየ። በሌሎቹ ነዋሪዎች ተሰብስበው የመንደራቸውን ቤተሰቦች ከሀብታሙ እስከ ድኻው በተራ አስቀመጡ። በቀሩት ደግሞ ሁለቱ ዘዴዎች ተጣመሩ። የዕለት ወጪን ብቻ መለኪያ ላደረገ ሰው ቀመሩ በመጠኑ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ሆኖም ነዋሪው በራሱ ምርጫ ይበልጥ ረካ፤ ቅሬታውም አነሰ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተውሉት ነገር ልዩነቱ የመጣው መንደሩ ስለተሳሳተ ወይም ባለሥልጣን ስለተጫነው ሳይሆን ድህነትን በሌላ ዐይን ስለሚያይ መሆኑ ነው። መንደርተኛው የሚመዝነው አንድ ቤተሰብ ዛሬ ስንት እንዳወጣ ብቻ አይደለም፤ ነገ ሠርቶ ለማግኘት ምን ጉልበት እንደቀረውም ጭምር ነው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ለጎረቤት የሚያደላ ይመስላል። ሆኖም ማወቅ ሌላ፣ መፍረድ ሌላ ነው። ባዕድ ዳኛ አላዋቂ ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤት ዳኛ ግን ራሱ ባለጉዳይ ነው። ጎረቤት የሚያውቀው ቅርብ ስለሆነ ነው፤ በዚያው በቅርበቱ ምክንያት ደግሞ የድንበር ጠብ፣ ያልተከፈለ ብድር፣ የጋብቻ ዝምድና፣ የአበ ልጅነት ቃል ኪዳን አለበት። ችግርን ከጠባይ ለይቶ መመልከትም ለቅርብ ሰው ይከብደዋል። «ምን በላ?» ተብሎ የተጀመረው ምርመራ «ለምን አልሠራም?»፣ «መቼ ጠጥቶ ገባ?»፣ «ባሏን ለምን ፈታች?» ወደሚል ይንሸራተታል። በዚህ ጊዜ የችግር ሚዛን የምግባር ሚዛን ይሆናል፤ የተራበው ሰው በረሃቡ ፈንታ በስሙ ይመዘናል። ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን ለብዙ ዘመን ከማዕዱ ያራቀ ልማድ ከባዕድ አገር የመጣ አልነበረም፤ የመንደሩ የራሱ ነበር። መጤውም፣ መሬት ያልደረሰው ወጣትም፣ ወንድ የሌለባት ቤት እመቤትም በሸንጎ ድምፃቸው የሚሰማው እንደ ባለ ብዙ ዘመዱ አይደለም።

«ማኅበረሰብ» የሚለው ቃል ራሱ ይህን ይሸፍናል። ቃሉ ሲነገር አንድ ልብና አንድ ፈቃድ ያለው አካል ይመስላል፤ በተጨባጭ ግን በውስጡ ባለቤትና ባይተዋር አለበት። በሰሜን ሸዋ መንዝ የሚገኘው የጓሳ ምድር ታሪክ ለዚህ አስተማሪ ነው። የአካባቢው ሰዎች ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለግጦሽ የሚፈልጉትን ሣር ለዘመናት የጠበቁት ራሳቸው ባቋቋሙት ሥርዓት ነበር። ምድሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ በታወቀ ጊዜ ይከፈታል፣ ሕጉን የጣሰ ይቀጣል። ሥርዓቱ የሚያስደንቅ ነበር። የመጠቀሙ መብት ግን የቀደምት ባለርስቶች ዘር ለሆኑት የተወሰነ ነበር፤ ሌላው ነዋሪ ውጭ ቆሞ ያይ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ያ የዘር ገደብ ወደቀ፤ ከገደቡ ጋር ግን ጥበቃውም አብሮ ወደቀና ምድሩ ተጎዳ። በኋላ ጥበቃው የተመለሰው ሁሉንም ተጠቃሚዎች በወከለ ኮሚቴ ነው። እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይገኛል። የመንደርን ሥርዓት ከውጭ ሆኖ ማፍረስ ቀላል፣ መተካት ግን ከባድ ነው፤ የመንደር ሥርዓት ጠንካራ መሆኑም ብቻውን ፍትሐዊ አያደርገውም። የጋራ ሀብት አስተዳደርን በብዙ አገሮች ያጠናችውና እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት የተሰጣት ኤሊኖር ኦስትሮም ጸንተው ከኖሩ ሥርዓቶች ያወጣቻቸው ባሕርያትም ይህንኑ ያስረዳሉ። ደንቡ የሚነካቸው ሰዎች በደንቡ አወጣጥ መሳተፋቸው፣ ጠባቂው ራሱ ተጠያቂ መሆኑ፣ ጠብ የሚታይበት ስፍራ በቅርብ መገኘቱ ከዋና ዋናዎቹ መካከል ናቸው።

አሁን ደግሞ ከአድልዎ የተለየ፣ ለፍርድም ይበልጥ አስቸጋሪ የሆነ ነገር አለ። በሴፍቲኔት ፕሮግራም የመጀመሪያ ዓመታት በብዙ ቀበሌዎች ለጥቂቶች ሙሉ ሆኖ እንዲሰጥ የተወሰነው ድጋፍ ለብዙዎች ተሸንሽኖ ተገኝቷል። 6 ነፍስ ያለበት ቤተሰብ በ2 ወይም በ3 ነፍስ ይመዘገብ ነበር፤ የተረፈው ስፍራ ለሌላ ቤተሰብ ይሰጥ ነበር። ለፕሮግራሙ ባለሙያ ይህ ጥፋት ነው። በጥቂት እህል የተደገፈ ቤተሰብ ጥሪቱን ከመሸጥ አይድንም፤ ለሁሉ የተዳረሰ ጥቂት ለማንም የማይበቃ ይሆናል። ክርክሩ ትክክለኛ ነው። ሆኖም የመንደሩም ክርክር ባዶ አይደለም። «እዚህ ሁሉም ድኻ ነው፤ ያንዱ ልጅ ሲበላ ያንዱ አይይ» የሚለው ሰው የሚናገረው ስለ እኩልነት ነው። በደጉ ዓመት አብሮ ያጨደ፣ በክፉው ዓመት አብሮ የራበው ሰው ዛሬ በመስመር ተከፍሎ አንዱ ተቀባይ፣ ሌላው ተመልካች ሲሆን ነገ በደቦ አይጠራራም፣ በሬ አይዋዋስም። ለብዙ ዘመን ከረሃብ ያተረፈው ይህ መዋዋስ ነበር።

በዚህ ስፍራ ሁለት ፍትሖች ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንደኛው «ለእያንዳንዱ እንደ ጉድለቱ» ይላል፤ ሁለተኛው «ለእያንዳንዱ እንደ ወንድሙ»። የመጀመሪያው ሰውን በችግሩ መጠን ያየዋል፤ ሁለተኛው ሰውን በአባልነቱ ያየዋል። የትኛውም ሐሰት አይደለም። ሆኖም በሁለተኛው ስም የሚጎዳው ማነው ብሎ መጠየቅ ያሻል። ድጋፉ ሲሸነሸን በመካከል ላይ ያለው ገበሬ ጥቂት ይጨመርለታል፤ ከሁሉ በታች ያለችው መበለት ግን ከልጆቿ ያንዱን ወይም የሁለቱን ድርሻ ታጣለች። ገበሬው ያለዚያ ድርሻ ክረምቱን ሊወጣው ይችላል፤ እርሷ ግን ላትወጣው ትችላለች። ስለዚህ እኩልነቱ የሚከፈለው ከደካማይቱ እጅ ነው። ለጋስ የሚባለው ከራሱ ቆርሶ የሚሰጥ ነው፤ ከሌላ ሰው ቆርሶ ለራሱና ለጎረቤቱ የሚያካፍል ሰው በዚህ ስም ሊጠራ አይችልም። በመሆኑም መንደሩ የመካፈል ልማዱን ማክበር ከፈለገ ከየራሱ ያዋጣ ዘንድ ይገባዋል እንጂ ለሌላይቱ ልጆች የተቆረጠውን ሊሸነሽን አይገባውም።

ይህ ሲባል ግን ወቀሳው ሁሉ በመንደሩ ራስ ላይ ሊወርድ አይገባም። የተጠቃሚው ቁጥር ከላይ ነው የሚመጣው። ለምሳሌ ያህል በአንድ መንደር 90 ቤተሰብ የሚበላው የለውም እንበል፤ የተፈቀደው ቁጥር ግን 40 ነው። ሃምሳውን የሚሰርዝ ማነው? መንደሩ ራሱ ነው። አርባ የሚለውን ቁጥር የወሰነው ሰው ከሃምሳዎቹ አንዱንም አያውቅም፤ በሠርጋቸው አይጠራም፣ በለቅሯቸው አይገኝም። የሰረዘው ሽማግሌ ግን በማግስቱ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በመስጊድ በር፣ በገበያ መንገድ ያገኛቸዋል። በዚህ መልክ የእጥረቱ ውሳኔ ከላይ፣ የእጥረቱ ኀፍረት ከታች ይሆናል። ሥራውም «የሕዝብ ተሳትፎ» ይባላል። ተሳትፎ መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን አንድን ሰው ባልቆረሰው እንጀራ አከፋፋይ አድርጎ ሾሞ ረሃብተኛውን በእርሱ ላይ ማስነሣት የተሳትፎ ተገቢ ትርጉም አይደለም። ድጋፉን ያቀደው ክፍል ቁጥሩን የወሰነው እርሱ መሆኑን፣ ለምን እንዳነሰም በዚያው ሸንጎ ፊት በራሱ አንደበት የመናገር ግዴታ አለበት። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰዎች የማን ውሳኔ እንደጎዳቸው ካላወቁ ውሳኔው እንዲለወጥ ማንን እንደሚጠይቁ አያውቁም፤ ቁጣቸውንም በቅርብ ባገኙት ላይ ያወርዳሉ።

ከፍትሕ ቀጥሎ የክብር ጥያቄ አለ። በኢትዮጵያ ገጠርም ሆነ ከተማ ይሉኝታ ብዙ ጊዜ ከረሃብ ይበረታል። እንግዳ በመጣ ጊዜ ከጎረቤት ቡና ተበድራ የምታፈላ ሴት እንግዳውን ልታታልል ብላ አይደለም፤ የቤቷን ስም ለመጠበቅ ነው። ይህች ሴት ስሟ በሸንጎ ተነሥቶ ጓዳዋ ሲመረመር፣ ምን እንዳላት ሳይሆን ምን እንደሌላት በአንድ በአንድ ሲቆጠር፣ የምታገኘው እህል የምታጣውን ላይመልስ ይችላል። አንዳንዱ ችግረኛ ከመጠራት መቅረትን ይመርጣል። ፈረንሳዊው ሊቅ ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ባቀረበው ስለ ስጦታ በሚናገር ጥናቱ እንዳስረዳው ስጦታ ምላሽን ይጠይቃል፤ ሊመልስ የማይችል ተቀባይ ከሰጪው በታች ይሆናል። የመንደሩ ሰው ይህን ከማንም መጽሐፍ ሳይማር ያውቀዋል። ለሠርግ የመጣለትን በመዝገብ ጽፎ የሚያስቀምጠው በተራው ለመመለስ ነው።

የእድር ጥንካሬም ከዚህ ይመነጫል። እድር በተለይ በአዲስ አበባ ከሃያኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ወዲህ፣ ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጡ ሰዎች ዘመድ በሌለበት ከተማ ሬሳቸውን የሚያነሣ ወገን ለማግኘት ያቋቋሙት ማኅበር ነው። ሪቻርድ ፓንክኸርስትና እንድርያስ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ ኢትዮጵያውያን የመረዳዳት ልማድ በጻፉት ጽሑፍ ትኩረት ከሰጧቸው ማኅበራት አንዱ ነው። በእድር ውስጥ ማንም ተረጂ ተብሎ አይጠራም። ሁሉም በየወሩ እኩል ይከፍላል፣ ሁሉም በደንቡ መሠረት ይቀበላል፤ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ድስቱም የሁሉ ነው። ለቅሶ የደረሰበት ሰው የሚቀበለው የከፈለውን መብቱን ስለሆነ አንገቱን አይደፋም። የእድር ውበቱ ይህ ነው፤ ጉድለቱም እዚያው ላይ ነው። ወርኃዊውን መዋጮ መክፈል ያቃተው ሰው ከማኅበሩ ይወጣል። ክብሩን የሚጠብቀው በር ለእጅግ ድኻው ዝግ ነው ማለት ነው። ኤች አይ ቪ ኤድስ ብዙ ቤት ባዘጋ ጊዜ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በርካታ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ለሞተ ብቻ ሳይሆን ለታመመና ወላጆቹን ላጣ ልጅም መርዳት መጀመራቸው ይህን በር ከውስጥ ሊከፈት የሚችል መሆኑን አሳይቷል። የከፈቱት ግን አባላቱ ተሰብስበው በድምፃቸው ነው፤ ትእዛዝ ብቻውን አይከፍተውም ነበር።

የሴፍቲኔት ሥራም ክብርን ለመጠበቅ ሌላ መንገድ ነው። እርከን ሠርቶ እህል የተቀበለ ሰው «ደመወዜ ነው» ለማለት ይችላል። የሠራው እርከንም ከዓመት ዓመት አፈሩን ይዞ ሲገኝ መንደሩ የእርሱ ባለዕዳ ይሆናል። ይህ እውነት የሚሆነው ግን ሥራው በእርግጥ የሚጠቅም እንደሆነ ነው። ዛሬ ተቆፍሮ ነገ በሚደፈን ጉድጓድ ያላበው ሰው የተቀበለው ደመወዝ አይደለም፤ ምጽዋት ነው፤ በላዩም ድካም ተጨምሮበታል። ከዚህም በላይ ክብር ሁሉ በሥራ ብቻ የሚገኝ ከሆነ መሥራት የማትችለው አሮጊት ምን ይቀራታል? ያለ ሥራ የሚሰጠው የቀጥታ ድጋፍ ከሥራው ያነሰ ስጦታ ተደርጎ መታየት የለበትም። አሮጊቷ ዕዳዋን የከፈለችው ዛሬ አይደለም፤ እርከን የሚሠሩትን ባሳደገች ጊዜ ነው።

ሦስተኛው መንገድ በጤና መድኑ ውስጥ ይገኛል። መክፈል የማይችለው ቤተሰብ ለብቻው ወደ ተዘጋጀ የድኻ ሣጥን አይገባም፤ ከፋዩ በገባበት በዚያው ማኅበር ይገባል። በሐኪሙ ደጅ ሁለቱ እኩል ከቆሙ፣ የያዙት መታወቂያም ካልለያቸው፣ ያንዱን መዋጮ መንግሥት፣ የሌላውን ራሱ መክፈሉን ወረፋው አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። እድር ያላገኘውን ነገር ይህ ሊያገኘው ይችላል፤ ይኸውም የእኩል አባልነት ክብር ከኪስ ክብደት ተለይቶ መቆሙን ነው። ሆኖም ነገሩ በደንብ መጻፉ ብቻ አይበቃም። በጤና ጣቢያው መድኃኒት ጠፍቶ ሁሉም ከግል ሱቅ ግዙ ሲባሉ መግዛት የሚችለውና የማይችለው እንደገና ይለያያሉ።

እንግዲህ ችግረኛውን ማን ይለየው? ከላይ የታየው ሁሉ ወደ አንድ ሐሳብ ያመራል። ሥልጣኑ ከሩቅ መዝጋቢም ሆነ ከጎረቤት ለአንዳቸው ብቻ መሰጠት የለበትም፤ መከፋፈል አለበት። መለኪያው አስቀድሞ፣ ማንም ስሙ ሳይጠራ፣ ሕዝቡ ባለበት መነገርና መመከር ይገባዋል። ስም ከተጠራ በኋላ የሚወጣ መለኪያ ለዘመድ የተሰፋ ልብስ ይሆናልና። ምስክርነቱ የጎረቤት ይሁን፤ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። አቤቱታ የሚሰማው ግን ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሰው መሆን የለበትም፤ ከሳሽም ዳኛም አንድ ሆኖ ፍርድ የለም። የእጥረቱን ኃላፊነት ደግሞ ቁጥሩን የወሰነው ይሸከም።

የቀረው ስለ አደባባዩ ያለው ክርክር ነው። ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ካልተነበበ የኮሚቴው ዘመዶች በጨለማ ይገባሉ፤ ከተነበበ ደግሞ ድኻው ያፍራል። ከሁለቱ አንዱን ፈጽሞ መምረጥ ሌላውን ፈጽሞ መጣል ነው። ሆኖም አደባባዩ ማወቅ ያለበት ነገርና ማወቅ የማይገባው ነገር ተለይተው ሊታዩ ይችላሉ። ማን እንደተቀበለ ማወቅ የሕዝቡ መብት ነው፤ የሚታደለው የጋራ ሀብት ነውና። አንድ ቤተሰብ ስንት ቀን ጾሙን እንዳደረ፣ ባልየው ምን ሕመም እንዳለበት፣ ልጅቷ ለምን ከትምህርት ቤት እንደቀረች ግን የሕዝብ ሀብት አይደለም። ይህ ለጥቂት ታማኝ ሰዎች የተሰጠ አደራ ሆኖ እዚያው ሊቀር ይገባል። ባጭሩ፣ ስሙ ይነገር፣ ጓዳው አይገለጥ።

ይህ ደንብ ሁሉን ጥፋት አያስቀርም። አደራ የሚበላ ሽማግሌ፣ ከቁጥር የሚጎድል መበለት፣ ሳይገባው የሚቀበል ሰው ይኖራሉ። ነገር ግን በስሕተትና በበደል መካከል ልዩነት አለ። ችግረኛው የት እንደሚጮህ ካወቀ፣ የሚሰማውም ሰው የበደለው ያው ሰው ካልሆነ፣ የተሳሳተው ሊታረም ይችላል። ጎረቤትን የፈራጅነት ወንበር ላይ ያስቀመጠ ማንኛውም ፕሮግራም ከመንደሩ የተበደረው ነገር አለ፤ የተበደረውም ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ያላቸው መተማመን ነው። እህሉ ተበልቶ፣ ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ባለሙያው ወደ ሌላ ወረዳ ከተዛወረ በኋላ በዚያች መንደር የሚቀረው ይህ መተማመን ነው፤ ወይም የዚህ መተማመን ስብራት። የፕሮግራሙ ሒሳብ ሲዘጋ ስንት ኩንታል ታደለ ተብሎ እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ የተመረጠውና ያልተመረጠው ዛሬም በአንድ ደቦ ይገናኛሉ ወይ ተብሎም ሊጠየቅ ይገባል።